ኤዲኤችዲ ያለበት ልጄ ክፍል ይድገም ተባልኩ፤ ልቀበል ወይስ ልቃወም?

ጥያቄ፦ ከሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት

ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጄ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከመጠን በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) እንዳለበት ባለፈው ዓመት በሐኪም ተረጋግጧል። ሐኪሙ በጻፈልን ወረቀት ላይ ትኩረቱን ይዞ መቆየት እንደሚቸግረው፣ መቅበጥበጡና መቸኮሉም አብሮ እንዳለ፣ ስለዚህም ሁለቱንም ምልክቶች በአንድነት ከሚያሳዩት ልጆች እንደሚመደብ ተገልጿል። መድኃኒት እንዲጀምር ሐሳብ ቀርቦልን ነበር፤ እኔና አባቱ ግን እስካሁን አልወሰንንም።

አሁን ያስጨነቀኝ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው። ውጤቱ ከክፍሉ አማካይ በታች ስለሆነና "ገና ስላልበሰለ" ሦስተኛ ክፍልን ቢደግም እንደሚሻለው ነግረውናል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ግን ለእኛ ትተውልናል። ግራ የሚያጋባኝ ልጁ ትምህርቱን የሚያውቅ መሆኑ ነው። ሳይንስ በቃል ስጠይቀው መጽሐፉ ላይ የሌለውን ሁሉ ጨምሮ ያስረዳኛል፤ የፈተና ወረቀቱ ሲመጣ ግን ግማሹ ጥያቄ ባዶ ነው፣ ሒሳብ ላይ የሳታቸውም ብዙዎቹ የመቀነስ ምልክቱን መደመር አድርጎ በማየት የተሳቱ ናቸው። የሠራውን የቤት ሥራ እንኳ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ሳያስረክብ ይዞት ይመለሳል። በዚህም ምክንያት ጓደኞቹ ለእረፍት ሲወጡ እርሱ ክፍል ውስጥ ቀርቶ ያላለቀውን እንዲጨርስ ይደረጋል።

ማታ ደግሞ በቤት ሥራ ምክንያት እስከ መኝታ ሰዓት እንጨቃጨቃለን። አባቱ "ወንድ ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል" ይላል፤ አክስቱ ጣፋጭ ስለሚያበዛ ነው ትላለች። ክፍል መድገሙ ይጠቅመዋል ወይ? የማይጠቅመው ከሆነ በምትኩ ትምህርት ቤቱን ምን ብዬ ልጠይቅ? የቤት ሥራውንና የመድኃኒቱን ነገር በተመለከተም ይህን መንገድ የሄደበት ሰው ቢያካፍለኝ በጣም አመሰግናለሁ።


መልስ፦ ከአንደኛ ደረጃ መምህርት

እህቴ፣ ክፍል መድገም ትምህርቱን ላልያዘ ልጅ የታሰበ መፍትሔ ነው፤ የእርስዎ ልጅ ግን እንደገለጹት ትምህርቱን ይዞታል። የሚያቅተው ያወቀውን በተወሰነ ሰዓት፣ በወረቀት ላይ፣ እስከ መጨረሻው አውጥቶ ማሳየት ነው። ለዚህ ምንም ሳይደረግለት ቢደግም ያንኑ ትምህርት አዲስነቱ ከጠፋ በኋላ ይማራል ማለት ነው። እነዚህ ልጆች አዲስ ነገር ቶሎ የሚስባቸው፣ የተደጋገመ ነገር ደግሞ ከማንም በላይ የሚሰለቻቸው ስለሆኑ በሁለተኛው ዓመት ባዶ የሚቀረው ጥያቄ ይቀንሳል ብዬ አልጠብቅም።

ስለዚህ ከውሳኔው በፊት ትምህርት ቤቱን አንድ ነገር ይጠይቁ። ዝቅተኛ ውጤት ባመጣባቸው አንድ ወይም ሁለት የትምህርት ዓይነቶች መምህሩ ያንኑ ፈተና ጸጥ ባለ ቦታ፣ ጥያቄውን እያነበበለት፣ መልሱን በቃል እየተቀበለ እንደገና ይፈትነው። በቃል ያገኘው በጽሑፍ ካገኘው በብዙ ከበለጠ "አልበሰለም" የሚለው ምክንያት ይወድቃል። ሁለቱም እኩል ዝቅ ካሉ ግን በእርግጥ የትምህርት ክፍተት አለ ማለት ነውና ውይይቱ ክፍተቱን በምን እንሙላው ወደሚለው ይሄዳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚወሰን ውሳኔ ግምት ነው።

ክፍል ውስጥ ሊደረግለት የሚገባው ነገር አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። መቀመጫው ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ ለመምህሩ ቅርብ ይሁን፤ ሆኖም እንደ ጥፋተኛ ለብቻው ከሚነጠል ይልቅ በእርጋታ ከሚሠራ ልጅ አጠገብ ቢሆን ይሻላል። ሃያ ጥያቄ የያዘ ወረቀት ተከፍሎ አምስት አምስት እየሆነ ይሰጠው፤ አምስቱን ሲጨርስ ተነሥቶ ለመምህሩ ያሳይ፤ መነሣቱ ራሱ ሰውነቱን ያሳርፍለታል። "መጽሐፋችሁን አውጡ፣ ገጽ አርባ ሁለትን ክፈቱ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ደብተራችሁ ላይ ሥሩ" የሚል ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ሲነገር መጽሐፉን እስኪያወጣ ድረስ ቀሪው ከአእምሮው ይጠፋል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ይነገረው፣ ሰሌዳው ላይም ተጽፎ ይቆይለት። የሒሳብ ምልክቱን በተመለከተ መልስ መሥራት ከመጀመሩ በፊት የመደመሩን ሁሉ በአንድ ቀለም፣ የመቀነሱን በሌላ ቀለም እንዲያከብብ ማድረግ ብዙ ስሕተት ያስቀራል። የቤት ሥራ ማስረከብንም ለማስታወስ ችሎታው መተው አይገባም፤ ሁሉም ልጆች እንደገቡ ደብተራቸውን የሚያስቀምጡበት አንድ ቦታ ቢኖርና መምህሩ የእርሱን ዐይቶ ቢያረጋግጥ ችግሩ እዚያው ያልቃል።

የእረፍት ሰዓት መከልከሉን ግን በግልጽ ይቃወሙ። መንቀሳቀስ ከማንም በላይ የሚያስፈልገውን ልጅ ከመንቀሳቀስ ከልክሎ ከሰዓት በኋላ በጸጥታ እንዲቀመጥ መጠበቅ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው። በዚያ ላይ ከእኩዮቹ ጋር መጫወትን የሚማርበት ጊዜም ያ ነው።

በመጨረሻም የዕለት መከታተያ ካርድ የሚባለውን አሠራር ይጠይቁ። ሦስት ያህል ግቦች ብቻ ይጻፉበታል፤ ለምሳሌ "የጀመረውን የክፍል ሥራ ጨርሷል"፣ "ከመናገሩ በፊት እጁን አውጥቷል"፣ "የቤት ሥራውን አስረክቧል" የሚሉ። እያንዳንዱ መምህር ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ "አዎ" ወይም "አልሆነም" ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ ካርዱ ማታ ቤት ይመጣል፣ ለተገኘው "አዎ" ቤት ውስጥ ያን ቀኑኑ አንድ የሚወደው ነገር ይፈቀድለታል። ግቦቹ መጀመሪያ ላይ ቀላል መሆን አለባቸው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ ካልተሳካለት ከባድ የሆነው ግቡ ነውና እርሱ ይስተካከል።


መልስ፦ ከሁለት ልጆች አባት

መምህርቷ በጻፉት እስማማለሁ፤ በካርዱ ላይ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ካርዱ ወደ ቤት ሲመጣ "አልሆነም" የተባለባቸውን እያነሡ "ለምን? ምን ሆነህ ነው?" ብሎ መጠየቅ ከተጀመረ ልጁ በየማታው ፍርድ ቤት የሚቀርብ ተከሳሽ ይሆናል፤ ብዙም ሳይቆይ ካርዱ "ይጠፋበታል"። በእኛ ቤት የጸናው ሕግ የተሳካው ይመሰገናል፣ ይሸለማል፣ ያልተሳካው ግን ያለ አንዳች ንግግር ያልፋል የሚል ነው። ሽልማቱን አለማግኘቱ ራሱ ይበቃዋል። ደግሞም "ለምን?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ቢያውቀው ኖሮ ባላደረገው።

ልጄ አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የቤት ሥራ ጦርነቱን ያበረደልን ከሁሉ በላይ የጊዜ ገደብ ነው። አስተማሪዎች የሚያውቁት አንድ ልማዳዊ መለኪያ አለ፤ የክፍሉን ቁጥር በዐሥር ደቂቃ ማባዛት ነው። በዚህ መለኪያ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከመምህሩ ጋር አስቀድመው ይስማሙና ሠላሳ ደቂቃ በእርግጥ ከሠራ በኋላ ያለቀውም ያላለቀውም ይታጠፍ፤ እርስዎ ግርጌው ላይ "ለዚህን ያህል ጊዜ ሠርቷል" ብለው ይፈርሙ። ማብቂያ እንዳለው የሚያውቅ ልጅ ለመጀመር አይፈራም። ማብቂያ የሌለው የቤት ሥራ ግን ከመጀመሩ በፊት ያደክማል፣ ልጁም እንዳይጀምር የማይፈጥረው ምክንያት የለም።

ሌላው ጊዜን የሚያይበት መንገድ ነው። "ሃያ ደቂቃ ቀርቶሃል" የሚለው ንግግር ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ባዶ ድምፅ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ከውስጡ አይሰማውምና። ጊዜው እያጠረ ሲሄድ በዓይኑ የሚያየው ነገር ፊቱ ይቀመጥ፣ የአሸዋም ይሁን የስልክ ሰዓት ቆጣሪ ግድ የለም። ከትምህርት ቤት እንደገባ ጥቂት ይሩጥ፣ ይብላ፣ ከዚያ ወዲያው ይጀመር። ወደ ማታ በተገፋ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲቆጣጠር ያወጣው ጉልበት ይሟጠጣል፤ እርስዎም ይደክማሉ። የመጀመሪያዋን ጥያቄ አብረው ይሥሩ፤ የሚከብደው መጀመሩ ነው፣ ከተጀመረ በኋላ ብዙ ጊዜ ይንሸራተታል። ከዚያም አጠገቡ ሆነው የራስዎን ሥራ ይሥሩ እንጂ በየደቂቃው "አተኩር" አይበሉት፤ "አተኩር" የሚለው ቃል ማንንም አተኩሮ አያውቅም።

ሽልማትን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። "በዓመቱ መጨረሻ ብስክሌት እገዛልሃለሁ" የሚለው ተስፋ ለእርሱ ከሌለ ነገር አይለይም፤ ሽልማቱ ትንሽ ይሁንና ወዲያው ይድረሰው። ደግሞ በየጊዜው ይቀያየር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥራውን ማቆሙ የማይቀር ነው፤ ያን ጊዜ "ይህም አልሠራም" ብለው ዘዴውን ከመጣል ሽልማቱን ብቻ ይለውጡ።

ለባልዎ የምለውን ባለሙያ ቢያስረዳው ይሻላል ብዬ ትቼዋለሁ። ሆኖም የቤት ሥራ ሰዓቱን ሁልጊዜ እናት ብቻ የምትይዘው ከሆነ ጠቡም የእርሷ ብቻ ሆኖ ይቀራልና ቢያንስ በሳምንት ጥቂት ቀን ተራውን ይውሰድ።


መልስ፦ ከሕፃናት አእምሮ ጤና ባለሙያ

ልጁን ሳልመረምር ስለ እርሱ መወሰን አልችልም፤ በጥቅሉ የሚታወቀውን ግን ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ስለ ክፍል መድገም። በጥቅሉ ሲታይ የደገሙ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት የሚያሳዩት መሻሻል ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በኋላ ዕድሜያቸው ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸውም ካልደገሙት ከፍ ብሎ ይገኛል። መድገሙ ብቻውን የኤዲኤችዲ ሕክምና ሆኖ የሚመከርበት ቦታ የለም። ይህ ማለት ለማንም ልጅ በምንም ምክንያት አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ይሁን እንጂ "ይድገም" የሚለው ሰው በሁለተኛው ዓመት ምን በተለየ መንገድ እንደሚደረግለት መናገር ይኖርበታል። የተለየ ነገር ካለ ደግሞ ያንኑ አራተኛ ክፍል ሆኖ ለምን አይደረግለትም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

"አልበሰለም" እና "ሲያድግ ይተወዋል" የሚሉት ሁለት አባባሎች አንድ የእውነት ፍንጣሪ አላቸው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች ሥራ የአንጎል ቅርፊት ውፍረቱ ጫፍ ላይ የሚደርስበትን ዕድሜ በተከታታይ የአንጎል ምስሎች ተመልክቶ፣ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች ይህ ዕድሜ በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ አግኝቶታል፤ 10.5 ዓመት ገደማ፣ ከሌሎቹ 7.5 ጋር ሲነጻጸር። መዘግየቱ ጎልቶ የታየው ትኩረትንና ራስን መግታትን በሚመራው የፊተኛው ክፍል ነው። ነገር ግን አንጎል አንድ ዓመት በመድገም አይፈጥንም፤ የዘገየውም ራስን የማስተዳደር ችሎታ እንጂ የመረዳት ችሎታው አይደለም። ስለ ማደግም ቢሆን መሯሯጡና መቅበጥበጡ በጉርምስና ጊዜ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ የትኩረቱና የሥራ አደረጃጀቱ ችግር ግን በብዙዎቹ ላይ ይቀጥላል። አባትየው ሲያድግ ይረጋጋል ብለው ከጠበቁ ሊሳካላቸው ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ የሚያልፉት የትምህርት ዓመታት ግን ተመልሰው አይመጡም።

ሁለተኛ፣ ንባቡንና ጽሕፈቱን ያስመርምሩ። ኤዲኤችዲ ካለባቸው ልጆች መካከል ቀላል የማይባሉት እንደ ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያከብድ ችግር) ያለ የመማር ችግር አብሮ አለባቸው። በቃል የሚያውቀውን በጽሑፍ የማይመልስ ልጅ ትኩረት ስለሚያጣ ሊሆን ይችላል፣ ጽሕፈቱ ራሱ ስለሚከብደው ወይም ጥያቄውን ለማንበብ ስለሚደክመውም ሊሆን ይችላል፤ እርዳታው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ዓይኑ፣ ጆሮውና እንቅልፉም አልታዩ ከሆነ ይታዩ። ሲተኛ የሚያንኮራፋና እንቅልፉ የሚቆራረጥ ልጅ በቀን የሚያሳየው ጠባይ ኤዲኤችዲን በጣም ይመስላልና።

ስለ ጣፋጭ ለአክስቱ የሚነገር አጭር መልስ አለ። ልጆቹም ወላጆቹም ስኳር የተሰጠው የትኛው ልጅ እንደሆነ ሳያውቁ የተደረጉ ሙከራዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ሲመረመሩ ስኳር በልጆች ጠባይም ሆነ አስተሳሰብ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ አላሳዩም። ጣፋጭ መቀነስ ለጥርሱ ይጠቅመዋል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሰው የሚፈራው አንዱ ምክንያት አዲስ ነገር ስለሚመስለው ነው። ሜቲልፌኒዴት የተባለው፣ በብዛት የሚታዘዘው አነቃቂ መድኃኒት የተሠራው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮም በሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ጥቅሙም ጉዳቱም በደንብ ይታወቃል። ቶሎ የሚያልቀው ዓይነት ለአራት ሰዓት ያህል፣ ረጅሙ ዓይነት ደግሞ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይሠራል። የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ እንቅልፍ መዘግየት፣ የሆድና የራስ ምታት የተለመዱ ችግሮች ናቸው፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል እነርሱ ይለካሉ፣ ቁመቱና ክብደቱም በየጊዜው ይመዘገባል። በቤተሰቡ የልብ በሽታ ወይም በወጣትነት ድንገት የሞተ ሰው ካለ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መነገር አለበት። ጠዋት መድኃኒቱን ከመዋጡ በፊት ጠግቦ ቢበላ፣ ማታም ኃይሉ ሲያልቅ ሲርበው ምግብ ቢያገኝ የክብደቱ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይቃለላል።

ምን ያህል ይጠቅማል ለሚለው በ1999 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመውን ትልቅ ጥናት ልጥቀስ። ዕድሜያቸው ከሰባት እስከ ዘጠኝ የሆኑ 579 ልጆች በአራት ተመድበው ለ14 ወራት ተከታትለዋል። በጥንቃቄ የተመጠነና በየወሩ ክትትል የተደረገለት መድኃኒት ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች ከጠባይ ሥልጠናው (እንደ ካርዱና ሽልማቱ ያለ ዘዴ) ብቻ የበለጠ ቀንሷል። መድኃኒቱና ሥልጠናው ሲጣመሩ በዋና ምልክቶቹ ላይ የታየው ተጨማሪ ልዩነት ትንሽ ቢሆንም ልጆቹ ባነሰ መጠን መድኃኒት ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል፤ ወላጆችም ይበልጥ ረክተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታዩ ግን የአራቱ ምድቦች ልዩነት ጠፍቷል፤ ከ14ቱ ወራት በኋላ ያ ጥብቅ ክትትል አልቀጠለምና። እኔ ከዚህ የምወስደው መድኃኒቱ ክትትሉን ያህል ነው የሚል ነው፤ ታዝዞ የሚረሳ መድኃኒት ከሆነ ብዙ አይጠብቁ። ደግሞም ትኩረቱን ይመልስለታል እንጂ ያመለጠውን ትምህርት አያስተምረውም፣ ቦርሳውንም አያደራጅለትም፤ ስለዚህ መምህርቷና አባትየው ከጻፉት የሚያስቀር አይደለም።


መልስ፦ ልጇ ክፍል የደገመች እናት

እኔ በሌላ ወገን ነኝ። የእኔ ልጅ አንደኛ ክፍልን ደግማ ጠቅሟታል፤ ይህንንም ሳልናገር ማለፍ አልፈለግሁም። ሆኖም የእኛ ጉዳይ ይለያል፤ ልጄ በዕድሜ ከክፍሏ ሁሉ ታናሽ ነበረች፣ ፊደል መለየት ገና አልጀመረችም ነበር፣ ትምህርት ቤቱም በሁለተኛው ዓመት የተለየ የንባብ እርዳታ በየቀኑ ሰጥቷታል። እንደ እርስዎ ልጅ ያወቀችውን ማውጣት አልነበረም ያቃታት።


መልስ፦ ከሕፃናት አእምሮ ጤና ባለሙያ

እናቲቱ የጨመሩት ጠቃሚ ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ክፍል ውስጥ በዕድሜ የመጨረሻ ታናሽ የሆኑ ልጆች ከታላላቆቹ ይልቅ ኤዲኤችዲ አለባቸው የመባል ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ የአንድ ዓመት ያህል የዕድሜ ልዩነት በመምህሩ ዓይን እንደ ሕመም ሊታይ ይችላልና። ስለዚህ ጠያቂዋ ልጃቸው ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ የት ላይ እንደሚገኝ ይመልከቱ። ታናሽ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት።


ጥያቄ፦ ከሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጄ በዕድሜው ከክፍሉ መካከለኛ ነው፣ ስለዚህ ያ ምክንያት የእኛ አይመስለኝም። የንባብ ምርመራ ግን አልተደረገለትም፤ እርሱን ለማስደረግ ቀጠሮ እይዛለሁ። አባቱም ስለ አንጎል እድገት የተጻፈውን ካነበበ በኋላ ስለ መድኃኒቱ ሐኪሙን አብረን እንድናነጋግር ተስማምቷል።

ለትምህርት ቤቱ የሚከተለውን ለመጻፍ አስቤያለሁ፤ "የልጃችን ክፍል መድገም ከመወሰኑ በፊት ያልተሳኩለትን ፈተናዎች በቃል እንዲፈተን፣ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ መቅረቱ እንዲቆም፣ የክፍል ሥራው ተከፋፍሎ እንዲሰጠውና የዕለት መከታተያ ካርድ እንዲጀመርለት እንጠይቃለን።" ይህ በቂ ነው ወይ?

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ደግሞ ልጁን ይመለከታል። ኤዲኤችዲ እንዳለበት እስካሁን አልነገርነውም። ብንነግረው ራሱን እንደ በሽተኛ እንዳያይ፣ ወይም "እኔ ኤዲኤችዲ ስላለብኝ ነው" እያለ ምክንያት እንዳያደርገው እፈራለሁ።


መልስ፦ ችግሩ ካለበት ጎልማሳ

ይንገሩት። ስም ባይሰጡትም ልጅዎ ከሌሎቹ የተለየ እንደሆነ ያውቃል፤ እረፍት ላይ ብቻውን የሚቀረው እርሱ ስለሆነ ማወቁ አይቀርም። ትክክለኛውን ስም ከእናቱ ያልሰማ ልጅ "ሰነፍ"፣ "ደደብ"፣ "ረባሽ" የሚሉትን ከሌሎች ተቀብሎ የራሱ ያደርጋቸዋል። እኔ ስሙን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ "ሰነፍ ነኝ" የሚለውን ከውስጤ ማውጣቱ ሥራ ከማደራጀት ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ሲነግሩት አጭር ይሁን፤ የአንጎሉ መሪ ክፍል ትኩረትን ለመያዝና ለመቆም ከሌሎች የበለጠ እርዳታ እንደሚፈልግ፣ መነጽር የሚያደርግ ልጅ ዓይኑ እርዳታ እንደሚፈልገው ሁሉ ማለት ነው፣ ይህም የእርሱ ጥፋት እንዳልሆነ። ምክንያት እንዳያደርገው የሚያግዘው ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ነው፤ "ስለዚህ የቤት ሥራህን ማስረከብ እንዳትረሳ ምን እናድርግ?" ብለው መፍትሔውን ከእርሱ ጋር ይፈልጉ። የሚያስፈልገውን እርዳታ በራሱ አፍ መጠየቅ ከአሁኑ ከለመደ ትልልቅ ክፍሎች ሲደርስ፣ እናቱ ለእያንዳንዱ መምህር ደብዳቤ መጻፍ በማትችልበት ጊዜ፣ ይጠቅመዋል።


መልስ፦ ከአንደኛ ደረጃ መምህርት

ደብዳቤው ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጨመርበት። የመጀመሪያው ማን፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ነው፤ "እንዲደረግለት እንጠይቃለን" ብቻ ከሆነ ሁሉም ይስማማል፣ ማንም አይጀምርም። ካርዱን የሚሞላው የክፍል ኃላፊው መምህር መሆኑን፣ የሚጀመርበትን ቀንና ውጤቱን ለማየት ዳግም የምትገናኙበትን ቀን ይጻፉ፤ ከአንድ ወር ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለተኛው ደግሞ የሐኪሙ ወረቀት ግልባጭ ነው፤ ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ በልጁ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ሲቀየር ሁሉንም ከመጀመሪያ ማስረዳት ይኖርብዎታል።

ለመምህሩ ሲሰጡትም ቢቻል ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ፣ በአካል፣ አባትየውም አብረው ሆነው ይስጡት። አርባ እና ሃምሳ ልጅ የያዘ መምህር በር ላይ ቆሞ የሚነገረውን አይሰማም።

የቃል ፈተናውን ደግሞ ልጁ በሚደክምበት ሰዓት አይቀበሉ፤ ጠዋት ይሁን።